ከተከላካዮቹ ፊት የቆመው ተጫዋች በስፖርት ገጻችሁ ላይ የለም

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፣

የስፖርት ገጻችሁን በየሳምንቱ ከሚከታተሉ የጅማ አንባቢዎች አንዱ ነኝ። በሙያዬ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ስሆን ከሥራ ሰዓት ውጭ በቆጪ ሠፈር ታዳጊዎችን አሠለጥናለሁ። ይህን ደብዳቤ እንድጽፍ ያነሣሣኝ በቅርቡ የውድድር ዘመኑን የገመገማችሁበት ሰፊ ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ አጥቂዎችን በስም፣ ግቦቻቸውን በደቂቃ፣ ግብ ጠባቂዎችን ባዳኑት ኳስ እየዘረዘረ አሠልጣኞችንም አንዱን አመስግኖ ሌላውን ወቅሷል። ከተከላካዮች ፊት ቆሞ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ኳስ ሲነጥቅ፣ ሲያቋርጥና ሲያከፋፍል ስለሚውለው ተከላካይ አማካይ ግን አንድ አንቀጽ ቀርቶ አንድ ዓረፍተ ነገር አልተጻፈም። ነገሩ የአንድ ጸሐፊ ዝንጋኤ ቢሆን ኖሮ ብዕር ባላነሣሁ ነበር። ልማዱ የሁላችሁም ነው፤ የሬዲዮ ስፖርት ፕሮግራሞችም ከዚህ አይለዩም። እኔ እስከማየው ድረስ የአንድ ተከላካይ አማካይ የሙያ ሕይወት የሚቃናውም የሚሰናከለውም በተመዘገበለት ሥራ ነው፤ እኛ ደግሞ ምንም አንመዘግብለትም።

ከራሳችን ከተማ ልጀምር። ጅማ አባ ጅፋር ወደ ፕሪምየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2010 ዓ.ም.፣ በአሠልጣኝ ገብረመድህን ኃይሌ እየተመራ ዋንጫውን ማንሣቱን የማያስታውስ የጅማ ሰው የለም። ሻምፒዮን የሆነው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ጋር በነጥብ እኩል ሆኖ በግብ ክፍያ፣ ማለትም ባገባውና በተቆጠረበት ግብ ልዩነት፣ በመብለጡ መሆኑን ግን ብዙዎቻችን ዘንግተነዋል፤ ያልዘነጋነውም ብንሆን ምን ማለት እንደሆነ አላሰብንበትም። በግብ ክፍያ በተወሰነ ሻምፒዮና ላይ፣ ሊገባ ሲል የቀረ ግብ ከገባው ግብ እኩል ይመዝናል። ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ በዚያ ዓመት የሊጉ ኮከብ ግብ አግቢ ሆኖ ጨረሰ፤ ክብሩም ይገባዋል፤ ስሙ እስከ ዛሬ ድረስ ቡና በሚጠጣበት ቦታ ሁሉ ይነሣል። ከተከላካዮቹ ፊት ቆሞ የዚያን ዓመት ጨዋታዎች የተሸከመው ማን እንደነበር ስጠይቅ ግን አንዱ አንድ ስም፣ ሌላው ሌላ ስም ይጠራና ክርክር ይጀመራል። የምለውን ስም እዚህ ላይ ሆን ብዬ አልጽፈውም፤ የዝግጅት ክፍላችሁ የዚያን ዓመት እትሞች አገላብጦ ስንት ጊዜ እንደጠራው ራሱ ቢያየው ይሻላል።

በቀጣዩ ዓመት ክለቡ በአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ከአል አህሊ ጋር ተገናኘ። ግብፅ ላይ 2 ለ 0 ተሸንፎ ተመለሰ፤ በአገር ቤት ደግሞ 1 ለ 0 አሸንፎ በድምር ውጤት ከውድድሩ ወጣ። እንደ አል አህሊ ያለ ቡድን፣ ያውም በአህጉሩ ከማንም በላይ ይህን ዋንጫ ያነሣ ቡድን፣ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ አንድም ግብ ሳያገባ መመለሱ ለብቻው ሊጻፍበት የሚገባ ጉዳይ ነበር። በማግሥቱ ሰው ሁሉ ያወራው ግን ስለ ግቧ ነው፤ የተጻፈውም ስለ ግቧ ነው።

የዚህን ተጫዋች ሥራ ለማየት ዓይንን ከኳሱ ማንሣት ያስፈልጋል። የሊጉ ጨዋታዎች በ2013 ዓ.ም. በቴሌቪዥን በቀጥታ መተላለፍ ሲጀምሩ ጅማም በዩኒቨርሲቲው ስታዲየም ውድድሩን ካስተናገዱት ከተሞች አንዷ ነበረች፤ ስለዚህ ልዩነቱን በሁለቱም መንገድ የማየት ዕድል ያገኘን ሰዎች አለን። ካሜራው ኳሱን ይከተላል፣ ተመልካቹም ካሜራውን ይከተላል። ሜዳ ዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው ግን ሌላ ጨዋታ አለ። ኳሱ ገና በመሐል ተከላካዩ እግር ሥር እያለ ተከላካይ አማካዩ ወደ ግራ ትከሻው፣ ከዚያም ወደ ቀኝ ትከሻው ፈጥኖ ዞር ብሎ ያያል፤ ከኋላው ማን እንዳለ አስቀድሞ ስለሚያውቅ ኳሱ እንደደረሰው በአንድ ንክኪ ወደ ሌላኛው መስመር ያሻግረዋል። የመስመር ተከላካዩ ለማጥቃት ሲወጣ ማንም ሳይነግረው ክፍት የቀረውን ቦታ ይሸፍናል። የተቃራኒ ቡድን አማካይ ኳስ ይዞ ፊቱን ወደ ግብ ሲያዞር ዘሎ አይገባበትም፤ ሁለት እርምጃ ያህል ራቅ ብሎ ኳሱ ወደ አጥቂው ሊያልፍበት የሚችለውን መንገድ በሰውነቱ ይዘጋል፣ ባለ ኳሱም ግራ ቀኝ አይቶ ወደ ኋላ ይመልሳል። ይህ የመጨረሻው ነገር በየትኛውም ዘገባ ውስጥ አይገባም፤ የተሞከረ ኳስ የለም፣ የተነጠቀ ኳስም የለም። ሆኖም ከዚያች ቅጽበት ሊወለድ የሚችል ግብ ቀርቷል።

ጅማ ላይ ደግሞ ዝናቡ አለ። እኛ የምንለማመድበት ሜዳ ዳር ዳሩ ሣር ሲኖረው መሐሉ ተረጋግጦ ተረጋግጦ ቀይ አፈር ሆኗል፤ ዝናብ የጣለ ዕለት የሚጨቀየውም እርሱ ነው። ከግብ ጠባቂ ተለግቶ የመጣ ኳስ እዚያ ጭቃ ላይ ሲያርፍ አይነጥርም፣ ባለበት ይቀራል፤ እርሱን ለማግኘት ሁለት ልጆች ከሁለት አቅጣጫ ይሮጣሉ፤ በሸርተቴ የሚወርደው አብዛኛውን ጊዜ ተከላካይ አማካዩ ነው። ሲነሣ ከደረቱ እስከ ጉልበቱ የለበሰው ማልያ የማን ቡድን እንደሆነ አይለይም። በዕረፍት ሰዓት ማልያው ንጹሕ የሆነው ልጅ ስለ አገባት ግብ ሲጨበጨብለት፣ ይኼኛው ጥግ ላይ ተቀምጦ የታኬታውን ጭቃ በእንጨት ይፍቃል።

ከታዳጊዎቼ አንዱ፣ ለዚህ ቦታ የተፈጠረ የሚመስለኝ ልጅ፣ ወደ ኋላ ሳብ ብሎ እንዲጫወት ስነግረው የመለሰልኝን እዚህ ላይ ባሰፍር ቅር አይለውም። «ጋሼ፣ እዚያ ከቆምኩ ጎል አላገባም፤ ጎል ካላገባሁ ደግሞ ማን አይቶ ይወስደኛል?» አለኝ። አባቱም በሌላ ቀን ሜዳ ድረስ መጥተው፣ በጣም በትሕትና፣ «መምህር፣ እኔ እኮ ታኬታ የገዛሁለት አጥቂ ይሆናል ብዬ ነው፤ እባክዎ ቦታውን ይመልሱለት» አሉኝ። አባትየውን ልወቅሳቸው አልችልም። ጋዜጣ ያነባሉ፣ ሬዲዮ ያዳምጣሉ፤ ከሁለቱም የሚሰሙት የግብ አግቢዎችን ስም ብቻ ነው። ልጃቸው ስሙ በማይጠራበት ቦታ ላይ ዕድሜውን እንዲያሳልፍ የማይፈልጉ መሆናቸው የጤነኛ አባት አስተሳሰብ ነው።

እንግዲህ የዚህ ቦታ ተጫዋች የሙያ ጉዞ ገና ከጅምሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በየሠፈሩ ፈጣኑ ክንፍ ላይ፣ ጎበዙ አጥቂ፣ ረጅሙ መሐል ተከላካይ ይሆንና የተረፈው ከተከላካዮቹ ፊት ይቆማል። አእምሮው ፈጣን የሆነ፣ ጨዋታን ከሌላው ቀድሞ የሚያነብ ልጅ ነው ለዚያ ቦታ መመረጥ የነበረበት። በውጭው ዓለም ቦታው የትርፍራፊ አይደለም። ናይጄሪያዊው ጆን ኦቢ ሚኬል እ.ኤ.አ. በ2005 በዓለም ወጣቶች ዋንጫ ላይ ከሊዮኔል ሜሲ ቀጥሎ ሁለተኛው ምርጥ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመ የፈጠራ አማካይ ነበር፤ ቼልሲ ሲገባ ወደ ኋላ ሳበው፣ በዚያ ቦታም የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን አነሣ። ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ቪክቶር ዋንያማን አፍርታለች፤ ከናይሮቢ ተነሥቶ በቤልጂየምና በስኮትላንድ በኩል እንግሊዝ ደርሶ፣ በፕሪምየር ሊጉ የተጫወተ የመጀመሪያው ኬንያዊ የሆነው በዚሁ በተከላካይ አማካይነት ነው። ከምሥራቅ አፍሪካ ወደ ትልልቅ ሊጎች የሚወስደው በር የአጥቂ በር ብቻ ነው የሚል ሰው ይህን ያስታውስ።

ንጎሎ ካንቴም አለ። ወላጆቹ ከማሊ ወደ ፈረንሳይ የመጡ፣ ቁመቱ አጭር ነው እየተባለ በታዳጊነቱ ሲገፋ የኖረ ልጅ ነው፤ ሀያ ዓመት ካለፈው በኋላም በፈረንሳይ ዝቅተኛ ሊጎች ውስጥ ይጫወት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ሌስተር ሲቲ ገባ፣ በዓመቱ የእንግሊዝ ሻምፒዮን ሆነ፤ በማግሥቱ ዓመት ወደ ቼልሲ ተዛውሮ እንደገና ሻምፒዮን ሆነ፤ በ2018 የዓለም ዋንጫን፣ በ2021 የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግን ጨመረ። ሌስተር እርሱን ያገኘው ኳስ በመንጠቅና በማቋረጥ ከሊጉ ሁሉ ላይ የተቀመጠበት መዝገብ ስለነበረ ጭምር ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ይህን የሚቆጥር ሰው ባይኖር ኖሮ ካንቴ ምናልባት እስከ ዛሬ ስሙን በማናውቀው ክለብ ውስጥ ጡረታ ወጥቶ ይሆን ነበር። እኛ አገር የሚቆጥር ሰው የለም፤ ስንት ካንቴ እንዳሳለፍን ማን ያውቃል?

ትልልቅ ክለቦችም ቢሆኑ ይህን ዋጋ የተማሩት በኪሳራ ነው። ክሎድ ማኬሌሌ በሪያል ማድሪድ በቆየባቸው ሦስት ዓመታት ሁለት የስፔን ሊግና አንድ የአውሮፓ ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ አንሥቷል። በዙሪያው የነበሩት ዚዳን፣ ፊጎና ሮናልዶ ስለነበሩ ደመወዙ ከእነርሱ በጣም ያነሰ ነበር፤ ጭማሪ ሲጠይቅ ተከለከለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ክረምት ክለቡ ዴቪድ ቤካምን ሲገዛ ማኬሌሌን ለቼልሲ ሸጠው። ሪያል ማድሪድ በተከታዩ የውድድር ዘመን የሊጉን የመጨረሻ አምስት ጨዋታዎች በተከታታይ ተሸንፎ አራተኛ ሆኖ ጨረሰ፣ የስፔንን ሊግ ዳግም ያነሣውም በ2007 ነው። ቼልሲ ደግሞ በ2004/05 የውድድር ዘመን በ38 ጨዋታዎች 15 ግብ ብቻ ተቆጥሮበት ከሀምሳ ዓመት በኋላ ሻምፒዮን ሆነ። ለዚህ ሁሉ ምክንያቱ ማኬሌሌ ብቻ ነው አልልም፤ ቼልሲ ብዙ ገንዘብ አውጥቷል፣ አሠልጣኙም ጆዜ ሞሪንሆ ነበር። ነገር ግን አንድን ሰው አውጥቶ በቦታው ሌላ ኮከብ አጥቂ ወይም አማካይ መጨመር ቡድን እንደማይጠግን ከዚህ የበለጠ ማሳያ አላውቅም።

ማንቸስተር ሲቲን ላሠለጠነው ለፔፕ ጓርዲዮላም አልቀረለትም፤ ራሱ በተጫዋችነት ዘመኑ የባርሴሎና ተከላካይ አማካይ የነበረ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ፖርቶ ላይ በተካሄደው የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ሮድሪንም ፈርናንዲኞንም ወንበር ላይ አስቀምጦ ገባ፤ ማንቸስተር ሲቲ በቼልሲ 1 ለ 0 ተሸነፈ፣ የጨዋታው ኮከብም በሌላኛው ወገን የነበረው ካንቴ ሆነ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኢስታንቡል ላይ ሮድሪ ተሰለፈ፤ ኢንተርን ያሸነፉበትን ብቸኛ ግብም ያስቆጠረው እርሱ ነው። በ2024 ባሎን ዶር የሚባለው የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ሲሰጠው ግን ክራንች ይዞ ነበር የወጣው፤ ከአንድ ወር በፊት ከአርሰናል ጋር ሲጫወቱ የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ ነበርና። አራት ዓመት በተከታታይ የእንግሊዝ ሻምፒዮን የነበረው ማንቸስተር ሲቲ በዚያ የውድድር ዘመን ሦስተኛ ሆኖ ጨረሰ።

ወደ አገራችን ስመለስ የምጠቅሳቸው ስሞች ጥቂት ናቸው፤ ጥቂት መሆናቸውም ራሱ የአቤቱታዬ አካል ነው። ጋቶች ፓኖም ከጋምቤላ ተነሥቶ በኢትዮጵያ ቡና ስሙን ካስጠራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ ሩሲያው አንዢ ማካችካላ ተዛወረ፤ ግዙፍ ሰውነቱ፣ የአየር ላይ ኳስ ብልጫውና የሚያስቆጥራቸው ፍጹም ቅጣት ምቶች እንዲታይ ረድተውታል። አማኑኤል ዮሐንስ ደግሞ እንደ ጋቶች በቁመቱ የሚታይ ሰው አይደለም፤ ቦታውን በመጠበቅና ኳስን ንጹሕ አድርጎ በማቀበል የሚጫወት ነው። አጥቂው አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. 29 ግብ አስቆጥሮ የሊጉን ክብረ ወሰን ሲሰብር በዚያው በኢትዮጵያ ቡና መሐል ሜዳ አማኑኤል ነበር። አቡበከር ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲሄድ ሁላችንም ተደስተናል፤ ሃያ ዘጠኙንም ግቦች ተቆርጠው በተቀጠሉ ምስሎች አይተናል። የአማኑኤልን ምርጥ ነጠቃዎች አንድ ላይ አድርጎ ያሳየን ግን የለም። ገዢ ክለብ የሚያየው የተቀጠለውን ምስል ነው፤ የተጫዋች ወኪልም የሚሸጠው እርሱን ነው።

በውል ጉዳይም እንዲሁ ነው። ብዙዎቹ ክለቦቻችን በከተማ አስተዳደርና በመንግሥት ተቋማት በጀት የሚተዳደሩ ሲሆን ከተጫዋች ጋር የሚፈራረሙትም ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ነው። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ለተጫዋቾች ወርኃዊ ደመወዝ የ50 ሺህ ብር ጣሪያ ሲወሰን ክርክሩ ሁሉ ስለ ጣሪያው ከፍታ ነበር፤ ከጣሪያው በታች ማን ምን ያህል እንደሚከፈለውና በምን መለኪያ እንደሚከፈለው አልተጠየቀም። አጥቂው ለድርድር ሲቀመጥ ያስቆጠራቸውን ግቦች በቁጥር ይጠራል፤ ግብ ጠባቂው ግብ ሳይቆጠርበት የወጣባቸውን ጨዋታዎች ይጠራል። ተከላካይ አማካዩ የሚጠራው ቁጥር አለው ከተባለ የቢጫ ካርዶቹን ቁጥር ነው። ዕድሜው ወደ ሠላሳ ሲጠጋ፣ ቁርጭምጭሚቱና ብሽሽቱ በየልምምዱ ሲያስቸግረው፣ ውሉን ለማደስ የሚቀርብለት ማስረጃ የአሠልጣኙ ቃል ብቻ ይሆናል፤ አሠልጣኙ ደግሞ በዚያ ክረምት ተሰናብቶ ሊሆን ይችላል። ክለባችን ጅማ አባ ጅፋር በ2014 ዓ.ም. ከሊጉ ሲወርድ የተበተኑት ተጫዋቾች ሁሉ አዲስ ክለብ ፍለጋ መውጣታቸው ግድ ነበር፤ ከእነርሱ መካከል ስለ ራሱ ሌላ ሰው የጻፈለት ምን ያህሉ እንደሆነ ለአንባቢ ግምት እተወዋለሁ።

አንዳንድ አንባቢ፣ ምናልባትም ከእናንተው መካከል አንዱ ጸሐፊ፣ «የእኛ አገር ተከላካይ አማካዮች ሰው ከመጥለፍ ውጭ ምን ይሠራሉና ይጻፍላቸው?» ሊል ይችላል። በከፊል እውነት አለው። ኳስ ሲደርሰው የሚጨነቅ፣ ያለ ምንም ምክንያት ወደ ኋላ ለግብ ጠባቂ የሚመልስ፣ ተቃራኒውን ከኋላ ጎትቶ የሚጥልና ለዚያውም ዳኛውን የሚያማርር ተጫዋች በየሜዳው አለ፤ እንዲህ ያለውን ማወደስ አልጠይቅም። እንዲያውም እንዲወቀስ እፈልጋለሁ። ወቀሳም ቢሆን ክትትል ይጠይቃል፤ በአንድ ጨዋታ ስንት ኳስ እንዳባከነ፣ ስንቱን ጥፋት በራሱ የግብ ክልል አቅራቢያ እንደሠራ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ቢኖር ሰባሪውና ጨዋታ አንባቢው በተለዩ ነበር። ዛሬ ሁለቱም በእኩል ዝምታ ውስጥ ናቸው፤ ዝምታው ደግሞ የሚጠቅመው ሰባሪውን ነው።

የብሔራዊ ቡድናችንን ታሪክ ሳስብ ይህ ዝምታ ያስከፈለንን አያለሁ። ከ31 ዓመት በኋላ በተመለስንበት እ.ኤ.አ. የ2013ቱ የደቡብ አፍሪካ የአፍሪካ ዋንጫ ከቡርኪና ፋሶ ጋር ስንጫወት 1 ለ 0 እየተመራን የተጋጣሚያችን ግብ ጠባቂ በቀይ ካርድ ወጣ። በቁጥር በልጠን ለማጥቃት ወጣን፤ በ10 ሰው ከሚጫወት ቡድን ግን ተጨማሪ ሦስት ግብ ተቆጥሮብን 4 ለ 0 ተሸነፍን። ያን ጨዋታ እንደገና ያየ ሰው ኳሱ በጠፋብን ቁጥር ከተከላካዮቻችን ፊት የነበረውን ባዶ ሜዳ ያስታውሳል። በማግሥቱ የተነሣው ክርክር ስለ ግብ ጠባቂዎቻችንና ስላልገቡት ኳሶች ነበር። በዚያው ዓመት በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን አሸንፈን ሳለ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ የታገደ የመሐል ተጫዋች በመሰለፉ ፊፋ ውጤቱን ሽሮ ለቦትስዋና 3 ለ 0 ሰጠ። የካርድ መዝገብ እንኳ በወጉ ባልያዝንበት አገር የተነጠቀ ኳስ ይመዝገብ ማለቴ ቅንጦት እንደሚመስል አውቃለሁ።

ጫማ ከሰቀሉ በኋላም ቢሆን የዚህ ቦታ ሰዎች ዋጋ አላቸው፤ በዓለም ላይ ያለው ማስረጃ በቂ ነው። ዲዲየ ዴሻን በተጫዋችነቱ ዘመን በገዛ አገሩ ልጅ በኤሪክ ካንቶና «ውኃ አቀባይ» ተብሎ የተናቀ አማካይ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1998 በአምበልነት፣ በ2018 ደግሞ በአሠልጣኝነት የዓለም ዋንጫን ለፈረንሳይ አነሣ። በዚሁ ቦታ ይጫወት የነበረው ዣቢ አሎንሶ ባየር ሌቨርኩሰንን በ2024 ያለ ሽንፈት የጀርመን ሻምፒዮን አደረገ። ከአማካይነት ወደ አሠልጣኝነት የመጡትን ዲዬጎ ሲሞኔንና ሚኬል አርቴታንም መጨመር ይቻላል። መሐል ሜዳ ቆሞ ሃያ አንዱንም ሰው ሲያይ የኖረ ሰው አሠልጣኝ ለመሆን ቢቀርብ አይደንቅም። እኛ ጋ ግን ጫማውን የሰቀለ ተከላካይ አማካይ ስሙ ስለማይታወቅ ክለቦች ለረዳት አሠልጣኝነት እንኳ የሚጠሩት በግብ አግቢነት የሚታወቀውን የቀድሞ ባልደረባውን ነው።

የምጠይቃችሁ ብዙ አይደለም። በእያንዳንዱ የሊግ ጨዋታ ዘገባ ላይ ከተከላካዮቹ ፊት ማን እንደተሰለፈ በስም ጻፉ፤ ከተቀየረም በስንተኛው ደቂቃና ለምን እንደተቀየረ ጨምሩ። በሳምንት አንድ ጨዋታ መርጣችሁ አንድ ጋዜጠኛ ዓይኑን ከኳሱ አንሥቶ ዘጠና ደቂቃውን ሙሉ አንድ ተከላካይ አማካይ ብቻ እንዲከታተል አድርጉ፤ የነጠቀውን፣ ያቋረጠውን፣ ያባከነውንና የሠራውን ጥፋት ቆጥሮ በአጭር አምድ ያቅርብ። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እኔ ሜዳ ዳር የማስቀምጣቸው የተጎዱ ወይም የተቀየሩ ልጆች በደብተር ቅጠል ላይ አራት መስመር አስምረው ጭረት እየጫሩ ይቆጥራሉ፤ ሲከራከሩ ይሳሳታሉ፣ ተነጥቆ ወዲያው የጠፋ ኳስ በየትኛው መስመር ይግባ እያሉ ይጣላሉ፣ ከጨዋታው በኋላ ግን ወረቀቱን ለማየት የሚሻማው ቡድን ሙሉ ነው። ያ ወደ ኋላ አልሳብም ያለኝ ልጅም ወረቀቱን ከሚሻሙት አንዱ ነው፤ ቦታውን እስካሁን አልወደደውም፣ የጓደኛውን ጭረት ግን ከራሱ ጋር ያስተያያል።

የዓመቱ ኮከቦች ሲመረጡም ግብ አግቢውና ግብ ጠባቂው የየራሳቸው ሽልማት እንዳላቸው ሁሉ ለዚህ ቦታም አንድ ሽልማት እንዲታሰብ ጋዜጣችሁ ለሊጉ አስተዳደር ጥያቄውን ቢያቀርብ ከእኔ የበለጠ ይሰማል። ሽልማቱ እስኪመጣ ድረስ ጋዜጣው ራሱ በአንባቢዎች ድምፅ የዓመቱን ተከላካይ አማካይ ቢያስመርጥ የሚያግደው ነገር አይታየኝም፤ የመጀመሪያውን ድምፅ እኔ ከጅማ እልካለሁ። አምዱን የሚጀምር ጋዜጠኛ ወደ ከተማችን ቢመጣ ደግሞ ልጆቹ የሚቆጥሩበትን ወረቀት ሊያሳዩት ዝግጁ ናቸው፤ ልምምዳችን ከትምህርት ሰዓት በኋላ ነው፣ ዝናብ ካለም አይቀርም።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰውነት ማጎልመሻ መምህርና የታዳጊዎች አሠልጣኝ
ቆጪ፣ ጅማ